ስቶክና ትዕዛዝ የሚይዝ ሲስተም ለምትፈልጉ፦ የኔ ጥቆማ

በራሳችሁ ዌብሳይት፣ በአማዞን እና በሱቅ ጎን ለጎን የምትሸጡ ከሆነና ኤክሴሉ አልበቃ ካላችሁ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው።

እኔን ያነቃኝ አንድ ጫማ ነው። ጥቁር፣ 38 ቁጥር፣ መደርደሪያው ላይ የቀረው አንድ ብቻ። ዌብሳይታችን ላይ ተሸጠ። ከስድስት ደቂቃ በኋላ ያው ጫማ ሌላ ቻናል (የመሸጫ መንገድ) ላይ ደግሞ ተሸጠ። ያኔ የነበረን ሲስተም ስቶኩን የሚያመሳስለው በየ15 ደቂቃው ነበር። ሁለተኛዋን ደንበኛ ይቅርታ ጠይቀን ገንዘቧን መለስንላት። ከዚያ ወዲህ ግን ከኛ ገዝታ አታውቅም። አማዞን ላይ ደግሞ ነገሩ በይቅርታ አያልቅም። ሻጩ ራሱ የሚሰርዘው ትዕዛዝ ከ2.5 በመቶ በታች መሆን አለበት፤ ካለፈ አካውንቱ ሊታገድ ይችላል።

ስለዚህ ሲስተም የሚሸጥላችሁን ሰው "ስንት ቻናል ታገናኛለህ?" ብላችሁ አትጀምሩ። "እዚህ አንድ ዕቃ ሲሸጥ እዚያ ቁጥሩ መቼ ይቀንሳል? ሁለት ቁጥር ሲጋጭስ የማን ይታመናል?" በሉት። ከዚያ አጠገባችሁ ሆኖ ሸጦ ያሳያችሁ።

ዋናው መሸጫችሁ ሾፒፋይ (የኦንላይን ሱቅ መክፈቻ አገልግሎት) ከሆነና መጋዘናችሁ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ከሆነ፣ መጀመሪያ የራሱን የስቶክ መቆጣጠሪያ በደንብ ተጠቀሙበት። ዕቃውን በየቦታው ለይቶ ይቆጥራል። ብዙ ሰው እሱን ሳይነካው ትልቅ ሲስተም ይገዛል። ቪኮ (Veeqo) የሚባለው ሲስተምም ጥሩ ነው፤ ነጻ ነው፣ ትዕዛዞችን አንድ ቦታ ሰብስቦ የመላኪያ ወረቀት ያትማል። ግን ባለቤቱ አማዞን ነው። የሌላ ቻናል ሽያጫችሁ በዚያ በኩል ማለፉ ቅር የሚላችሁ ከሆነ ተዉት።

እንደ አማዞን ባለ ማርኬትፕሌስ (ብዙ ሻጮች የሚሸጡበት የኦንላይን ገበያ) ላይ በብዛት ለሚሸጥ ሊንዎርክስን እጠቁማለሁ። በችርቻሮው ላይ ጅምላ ከጨመራችሁና ሒሳቡም አብሮ እንዲሄድ ከፈለጋችሁ ግን ብራይትፐርልን እመርጣለሁ። ከመነሻው ለችርቻሮ ንግድ የተሠራ ነው፣ አሁን የሒሳብ ሶፍትዌር ኩባንያው የሴጅ ንብረት ነው። የትኛው ትዕዛዝ ከየትኛው መጋዘን ይውጣ የሚለውን ሕግ አንዴ ታስገቡለታላችሁ፣ ከዚያ በራሱ ይሠራል።

ኦዱ (ነጻው እትሙ) እና ኢአርፒኔክስት የሚባሉት ሲስተሞች የሶፍትዌር ኮዳቸው ክፍት ነው፤ ባለሙያ እንደ ፍላጎታችሁ ሊቀይረው ይችላል። ኦዱ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የተሟላው ሒሳብ ያለው በሚከፈልበት እትም ውስጥ ነው። ኢአርፒኔክስት ውስጥ ሒሳቡ አብሮ አለ። ሁለቱም አቅም አላቸው። ነገር ግን ቅዳሜ ማታ ከቻናሉ ጋር ያለው ግንኙነት ቢቋረጥ የምትደውሉለት ባለሙያ ከሌላችሁ አትግቡበት። ኔትስዊት ብዙ ኩባንያና ብዙ ገንዘብ ዓይነት ለሚያንቀሳቅስ ነው። ተከላው ብቻ ወራት ይወስዳል።

የቱንም ምረጡ፣ ከመግባታችሁ በፊት የዕቃ ኮዳችሁን አጽዱ። ያ ጥቁር ጫማ ዌብሳይቱ ላይ "ጥቁር-38"፣ መጋዘን ውስጥ "ጥ38"፣ ሱቁ ጋ "38ጥቁር" ነበር። አዲሱ ሲስተም ሦስት ዕቃ ነው ብሎ ተቀበለው። ያን ለማስተካከል ሁለት ሳምንት ሙሉ አምሽተናል፤ እናንተ ከወዲሁ አድርጉት።

ተመላሽ ዕቃንም ጠይቁ። ደንበኛ የመለሰው ዕቃ ሰው ሳያየው በቀጥታ ወደ ሽያጭ የሚገባ ከሆነ፣ ሶሉ የተላቀቀው ጫማ ለሌላ ሰው ይላካል። ተፈትሾ እስኪያልፍ የሚቆይበት የራሱ ቦታ ሲስተሙ ውስጥ ሊኖር ይገባል።

ሌላው መውጫው ነው፤ ሲስተሙን ስትለቁ ዳታችሁን ይዛችሁ መውጣት መቻላችሁ። ትሬድጌኮ የሚባል የስቶክ ሲስተም ብዙ ተጠቃሚ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኢንቱይት የሚባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ገዛው፣ ስሙን ቀየረው፣ በኋላም አገልግሎቱ ተዘጋ። ተጠቃሚዎቹ ዳታቸውን ይዘው ሌላ ቤት መፈለግ ነበረባቸው። እኔ አሁን በሙከራው ጊዜ የትዕዛዝ ታሪኩን፣ የደንበኞቹን ዝርዝርና ስቶኩን ራሴ አውርጄ ኤክሴል ላይ እከፍታለሁ። ሙሉ ሆኖ ካልወጣልኝ ውል አልፈርምም።