የ1991 ማዝዳ ኤምኤክስ-5፦ ሞተር ሲነሳ ማርሽ አልገባ አለኝ፣ ካምቢዮ ላስወርድ?

ባለሁለት ወንበር፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ የመጀመሪያው ትውልድ ኤምኤክስ-5 ናት፣ መብራቷ ከኮፈኑ ብቅ የሚለው፤ 1.6 ሞተር፣ ባለ 5 ማርሽ። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው አራት ዓመት አቁሟት ነበር። ሞተሯ ሳያስቸግር ተነሳ፣ ማርሹ ግን አስመርሮኛል። ጠዋት አስነስቼ አንደኛ ላስገባ ስል ዘንጉ አልሄድም ይላል፤ የኋላ ማርሽማ ጥርሱ ሲፋጭ ጎረቤት ይሰማል። ሞተሩን ሳጠፋ ግን ሁሉም ሸርተት እያሉ ይገባሉ። ፍሪሲዮኑን ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ከረገጥኩትም አንደኛ እሺ ይላል። ሁለተኛ ደግሞ መኪናዋ እስክትሞቅ እየነዳሁ ሳስገባው ትንሽ ይንጫጫል። ያየልኝ መካኒክ «ሲንክሮ (ማርሽ ሲገባ ፍጥነቱን የሚያስተካክለው ቀለበት) ጨርሷል፣ ካምቢዮ ይውረድ» አለኝ። ከማስወረዴ በፊት የማየው ነገር አለ?

ዘይት በእጁ፦
አታስወርድ! መልሱን እኮ ራስህ ጽፈኸዋል። ሞተር ጠፍቶ የሚገባ ማርሽ ሞተር ሲነሳ እምቢ ካለ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ካምቢዮ ውስጥ አይደለም፤ ፍሪሲዮኑ ሞተሩን ከካምቢዮው ሙሉ በሙሉ አልለይ ብሎ ነው። ደጋግመህ ስትረግጠው መሻሉ ደግሞ ፍሪሲዮኑን የሚገፋው የፍሬን ዘይት ውስጥ አየር አለ፣ ወይም የሆነ ቦታ እየሾለከ ነው ማለት ነው።

በዚህች መኪና መጀመሪያ የምጠረጥረው የታችኛውን የፍሪሲዮን ፖምፓ ነው፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ከላይኛው ፖምፓ በሚመጣው ዘይት ፍሪሲዮኑን የሚገፋው። ካምቢዮው ጎን በስተቀኝ፣ በሁለት ቡሎን የታሰረች ትንሽ ነገር ናት። ጫፏ ላይ ያለውን የአቧራ መከላከያ ጎማ በጣትህ ገልበጥ አድርገው። ደረቅ መሆን አለበት። እርጥብ ከሆነ፣ ወይም ጠቆር ያለ ዘይት ጠብ ካለ፣ ተገኘ። አራት ዓመት የቆመች መኪና መሆኗን አትርሳ፦ የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፣ እርጥበቱ የፖምፓውን ውስጥ ያዝጋል፣ ዝገቱ ጎሚኒውን ይበላል።

ከዚያ ሰው ፔዳሉን ይርገጥልህ፣ አንተ ሥር ሆነህ ከፖምፓው የሚወጣው ዘንግ ምን ያህል እንደሚገፋ እይ። የእኔ ሲበላሽ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር፤ ከቀየርኩት በኋላ ከ12 አለፈ። ልዩነቱ ያቺው ናት! እኔ ግን ይህን ያወቅኩት ካምቢዮውን አውርጄ፣ ደህና ሲንክሮ በእጄ ይዤ ካፈጠጥኩበት በኋላ ነው።

የላይኛውንም ተመልከት። ከፔዳሉ በላይ ግድግዳው ላይ እጅህን ስደድ፤ ምንጣፉ ሥር ረጥቦ ከሆነ እሱም አልፎበታል። አንዱ ሲሄድ ሌላው ብዙ አይቆይም፣ ሁለቱንም ባንዴ ቀይራቸው።

ሦስተኛ ማርሽ፦
ዘይት በእጁ ሁሌም ፖምፓ ነው የሚለው። 😄 ሁለተኛው ሲቀዘቅዝ መንጫጫቱስ? እሱ ሲንክሮ ነው። ደግሞ ምን ዓይነት የካምቢዮ ዘይት ነው ያለባት? ጂኤል-5 የሚባለውን የዲፈረንሻል ዘይት የሞላባት ሰው ካለ ብዙ ነገር ይገለጽልሃል።

ዘይት በእጁ፦
ሁለተኛው ላይ አልከራከርህም፣ ግን ሁለት በሽታ ነው፣ አንድ ላይ አታድርገው። ቆሞ አንደኛና የኋላ እምቢ ማለት የፍሪሲዮን ነው። እየተነዳ አንድ ማርሽ ብቻ ሲንጫጫ የሲንክሮ ወይም የዘይት ነው።

የዘይቱን ነገር ግን ልክ ነህ። ሲንክሮ የሚሠራው በሰበቃ ነው፤ የነሐስ ቀለበቷ የማርሹን ኮን ይዛ ፍጥነቱን ታስተካክላለች። ዘይቱ ከመጠን በላይ ካንሸራተተ መያዝ ያቅታታል። ደረጃው ጂኤል-4፣ ውፍረቱ 75ደብልዩ-90 የሆነ ዘይት፣ 2 ሊትር ይበቃታል። አደራ፣ መሙያውን ቡሎን ሳትፈታ ማፍሰሻውን እንዳትነካ። አፍስሰህ መሙያው አልፈታ ካለ መኪናዋ እዚያው ቀረች።

ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው አለ፦ የማርሽ ዘንጉ የሚቀመጥበት ቤት የራሱ ዘይት አለው፣ 100 ሚሊ ሊትር ገደማ። የካምቢዮውን ስትቀይር እሱ አይቀየርም። ከላይ፣ ከመኪናው ውስጥ ነው የሚከፈተው። የእኔን ስከፍት ጭቃ የመሰለ ነገር ታቹ ላይ ነበር፣ የዘንጉ የፕላስቲክ ቡሽ ደግሞ ተሰነጣጥቆ። የማርሽ ዘንጉ የታችኛው ጎሚኒም ተቀድዶ ሙቀትና ጩኸት ወደ ውስጥ ይገባ ነበር። ተቀይሮ ስጨርስ ዘንጉ ወዴት እንደሚሄድ በጣቴ ይሰማኝ ጀመር።

ባለሁለት ወንበር፦
የታችኛውን ፖምፓ ጎማ ገለበጥኩት። ጥቁር ዘይት እስከ ክርኔ ወረደ!

ሁለቱንም ፖምፓ ቀየርኩ። አየሩን ማስወጣት ግን ፈተና ነበር፤ ታናሽ ወንድሜ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ እየረገጠ አረፋ ብቻ ይወጣ ነበር። ቀስ ብሎ ይርገጥ፣ ይዞ ይቆይ፣ እኔ የአየር ማስወጫዋን ቡሎን ጥብቅ ሳላደርግ እንዳይለቅ ብዬ ካስማማሁት በኋላ ተስተካከለ። የፈሰሰውን የፍሬን ዘይት ወዲያው በውኃ አጠብኩት፣ ቀለም ይበላል ሲሉ ስለሰማሁ።

አሁን የኋላ ማርሽ ድምፅ የለውም። ፎሌ ላይ (ማርሽ ሳይገባ) ፔዳሉን ረግጬ አምስት ሰከንድ ቆይቼም ሞከርኩት፣ ጸጥ ብሎ ገባ። የካምቢዮውንም የዘንጉንም ዘይት ቀየርኩ። ሁለተኛው ጠዋት ጠዋት አሁንም ትንሽ ያጉረመርማል፣ ከበፊቱ ግን በጣም ቀንሷል።

ሦስተኛ ማርሽ፦
እሺ፣ ተሸነፍኩ። ለሁለተኛው፣ እስክትሞቅ ፎሌ ላይ ስትደርስ ፍሪሲዮኑን አንዴ ለቀህ መልሰህ ርገጠው፣ ከዚያ አስገባ። ወደ ታች ስትቀይር ደግሞ ለቀህ እያለህ ጋዙን ነካ አድርገው።

ባለሁለት ወንበር፦
ሞከርኩት። አንዱን ጠዋት ይሠራል፣ አንዱን ጠዋት እግሬ ይዘገያል።