ሠራተኛው ለበጎ ፈቃድ እንዲወጣ ምን እናድርግ?

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን፦
ሰላም ወገኖች። በአንድ ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል ነው የምሠራው። ድርጅታችን በየክረምቱ ችግኝ ያስተክላል፣ የአቅመ ደካሞችን ቤት ያድሳል። ቆርቆሮውም ገንዘቡም አለ፤ ሰው ግን አይመጣም። ማስታወቂያ ለጠፍን፣ ቲሸርት አሠራን፤ የሚወጡት ሁሌ እነዚያው ናቸው። አሁን አለቆች «አበል እንክፈል፣ ካልሆነ የቀረውን ስም እንያዝ» እያሉ ነው። ሰውን ከልቡ የሚያነሳሳው ምንድን ነው? እባካችሁ አማክሩኝ።

መልስ፣ ከማሽን ኦፕሬተር፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቀኑን እዩት። የምትጠሩን እሁድ ነው አይደል? ሳምንቱን ሙሉ በሺፍት የቆመ ሰው እሁድ ቤተ ክርስቲያን አለው፣ ልጆች አሉት፣ ለቅሶ አለበት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሳምንት ዕረፍት ከ24 ሰዓት አያንስም። እሱን ወስዳችሁ «በጎ ፈቃድ» ስትሉ ሰው ይከፋዋል። ከሥራ ቀን ላይ ግማሽ ቀን ስጡ፣ ደመወዝ ሳይቆረጥ። ስም መያዙንማ እርሱት፤ ያ ግዳጅ ነው።

መልስ፣ ከሥነ ልቦና መምህር፦
ሁሉም በአንድ ምክንያት አይወጣም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ክሌሪ፣ ስናይደርና ባልደረቦቻቸው ስለ በጎ ፈቃደኞች በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ስድስት ምክንያቶችን ለይተዋል፦ ለሰው ማሰብ፣ አዲስ ነገር መማር፣ ከወዳጅ ጋር መሆን፣ ለሥራ መዘጋጀት፣ ከራስ ጭንቀት መውጣት፣ ስለራስ ጥሩ ስሜት ማግኘት። ኤሌክትሪሻኑን አካፋ አታስይዙት፤ የሚታደሰውን ቤት መስመር ይዘርጋ። አበል ግን አልመክርም። ገንዘብ ሲገባ ሰው ሒሳብ ማስላት ይጀምራል።

መልስ፣ ከባሶና ወራና፦
አበል አይከፈል በሚለው እስማማለሁ፤ ትራንስፖርትና ምሳ ግን ሸፍኑ። ደመወዙ ለወር የማይበቃ ሰው ከኪሱ አውጥቶ ይምጣ ማለት ግፍ ነው።
ዋናው ነገር ሌላ ነው። እኛ ዘንድ ለደቦ የሚቀር የለም፤ ቤቱ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃላ። በእኛ መሥሪያ ቤት የሚታደሰውን ቤት የሚመርጠው ማኔጅመንት ነበር። አምና ምርጫው ለሠራተኛው ተሰጠ። አንዷ የጽዳት ሠራተኛ ጎረቤቷን አሮጊት ጠቆመች። ጭቃውን ስናቦካ እማማ የገብስ ቆሎ በሰፌድ ይዘው እያንዳንዳችንን «የማን ልጅ ነህ?» እያሉ ዞሩ። በሳምንቱ ምርጉን ሊጨርስ የመጣው ሰው ከመጀመሪያው ቀን በለጠ።
ችግኙም እንደዚያው ነው። ሐምሌ ተክሎ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ በጥቅምት ውርጭ ሲቃጠል ያየ ሰው ከርሞ አይወጣም። ለየክፍሉ የራሱን ቦታ ስጡት፤ በበጋም እየሄደ ይንከባከብ።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ግማሽ ቀኑንና የቤት ጥቆማውን ሰኞ ለሥራ አስኪያጁ አቀርባለሁ። ሺፍት ላይ ያለውን ሰው ማን ይተካው ካለኝስ?

መልስ፣ ከማሽን ኦፕሬተር፦
መስመሩ ለጥገና በሚቆምበት ቀን አድርጉት። ፎርማኖቹን ቀድማችሁ አነጋግሩ።