የፖሊስ ጡረታ ስሌት የሚያውቅ ይርዳኝ

ሰላም ወገኖቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። 17 ዓመት በፖሊስነት አገልግያለሁ። ወገቤን ታምሜ በሕክምና ቦርድ ተሰናበትኩ። መሰናበቴ ላይ ቅሬታ የለኝም።

የተቸገርኩት ጡረታዬ ላይ ነው። ለመጀመሪያው 10 ዓመት የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይያዛል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ለሲቪል ሠራተኛ 1.25፣ ለፖሊስና ለመከላከያ 1.65 በመቶ ይጨመራል። የኔ ወረቀት ላይ ግን የተሰላው በ1.25 ነው። በልጄ ደብተር ጀርባ ደጋግሜ አሰላሁት። 41.55 በመቶ መሆን ሲገባው 38.75 ሆኗል። ትንሽ ይመስላል። በየወሩ፣ ዕድሜ ልክ ሲታሰብ ግን የልጆቼ ዳቦ ነው።

ይህን ለማስተካከል ጡረታ ቢሮ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። በሁለት ታክሲ፣ በታመመ ወገብ። መልሱ «ፋይሉ አልተገኘም፣ ሌላ ቀን ይምጡ» ነው። አንድ የድሮ ባልደረባዬ የሥራ ክርክር ችሎት ሂድ አለኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ግን ፖሊስን አይመለከትም፤ እሱን አንብቤያለሁ።

አቤቱታዬን በጽሑፍ ለማን ላስገባ? የይግባኙ ጊዜ የሚቆጠረው ውሳኔው ከተጻፈበት ቀን ነው ወይስ እጄ ከገባበት? የቅጥር ደብዳቤዬ ኮፒ አለኝ። ማህተሙ ደብዝዟል፣ ቀኑ ግን ይነበባል። እሱ ይበቃ ይሆን? በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። ሐሙስ ተመልሼ እሄዳለሁ።