ጠበሉንና ኦፕራሲዮኑን ማስታረቅ አቃተኝ

እህቶች፣ በተለይ አዋላጅ ነርሶች፣ እባካችሁ ምከሩኝ። የእንግዴ ልጁ የማህፀኔን በር ስለሸፈነው በኦፕራሲዮን እንድወልድ ተወስኗል። እናቴ "ሩፋኤል ማህፀን ፈቺ ነው፤ ምጥሽን ጠብቂ" ትል ነበር። ይህን እንኳ ሐኪሙ ሲያስረዳት ተቀበለች። የከበደኝ ሌላ ነው። በዕለቱ ጠዋት ጠበል ሳትጠጪ አትገቢም ብላ ቁርጥ አድርጋለች፤ ሐኪሙ ደግሞ ምንም እንዳትቀምሺ ብሎኛል። ማታ ጠጥቼ፣ ጠዋት እምነቱን ግንባሬን ብቀባ ይበቃት ይሆን? ማተብም ያስወልቃሉ አሉ። የኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ካንገቴ ወርዶ አያውቅም! ክር ብቻ ነው፣ ብረት የለውም። እጄ ላይ በፕላስተር ቢለጥፉልኝ ይፈቅዳሉ? "ማርያም ማርያም" የሚልልኝ ሰውስ አብሮኝ መግባት ይችላል? ያለፋችሁበት ንገሩኝ፣ ቀኔ ደርሷል።