64 ጊጋ ፍላሽ 59.6 ይላል፤ ተበላሁ?

ጠያቂ፦ ትናንት መርካቶ የገዛሁት 64 ጊጋ ፍላሽ ላፕቶፔ ላይ ስሰካው 59.6 ይላል። ሻጩ ደግሞ «ቲኤልሲ ነው» አለኝ። የሰርግ ቪዲዮ ልጭንበት ነበር።

መልስ፦ አልተበላህም ወንድሜ። ፋብሪካው አንድ ጊጋን 1,000,000,000 ባይት ብሎ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ 1,073,741,824። 64 ቢሊዮንን ለዚያ ብታካፍል 59.6 ይመጣል። እኔን ያቃጠለኝ ሌላው ነው፦ 8 ጊጋ ሆኖ «64 ነኝ» የሚለው። የእህቴን ሰርግ ገለበጥኩበት፤ የፋይሉ ስም አለ፣ ስከፍተው ባዶ! መጀመሪያ ጢም አድርገህ ሙላና መልሰህ አንብበው።

ሌላ መልስ፦ ቲኤልሲ ማለት አንዷ ሴል (ፍላሹ ውስጥ ዳታ የምትይዘው ትንሿ ክፍል) 3 ቢት፣ ማለትም ሦስት 0 ወይም 1፣ ትይዛለች። ሌሎቹ ዓይነቶች ደግሞ፦ ኤስኤልሲ 1፣ ኪውኤልሲ 4። ቢቱ በበዛ ቁጥር ዋጋው ይረክሳል፣ ሴሏም ቶሎ ታረጃለች።

ጠያቂ፦ እየሞላሁት ነው፣ 31 ጊጋ ደርሻለሁ። እስካሁን ሰላም ነው።