በኤድዋርድ ቤከር ሕይወት ላይ ለሚደረገው የጥናት ጉብኝት የጋራ ሐሳብ ማዘጋጃ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ አብዛኞቻችን የምንኖረው በሰሜን ቨርጂኒያ ስለሆነ፣ የጥቅምቱን ጉብኝት በሊስበርግ አጠገብ ወዳለው የቦልስ ብላፍ የጦር ሜዳ አድርገን እዚያ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለሰሜኑ ጦር ሲዋጋ የወደቀውን የኤድዋርድ ቤከርን ሕይወት ብናጠና የሚል ሐሳብ አቀርባለሁ። ቤከር እ.ኤ.አ. በ1811 ለንደን ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የመጣ፣ በኢሊኖይ ጠበቃ ሆኖ በ1843 ለኮንግረስ እጩነት በተደረገው የሳንጋሞን አውራጃ የፓርቲ ፉክክር አብርሃም ሊንከንን የረታ ሰው ነው፤ ሊንከን ግን ቂም ሳይዝ ሁለተኛ ልጁን በእርሱ ስም ጠራው።

የሕግ ባለሙያ አባል፦ እደግፋለሁ፤ ሆኖም ረቂቁ ከጦርነቱ ከጀመረ ጠበቃው ይጠፋብናል። በ1856 በሳን ፍራንሲስኮ፣ የፌዴራል ማርሻል ገድለሃል ተብሎ ከተማው የተነሣበትን ቁማርተኛ ቻርልስ ኮራን ወክሎ ተከራክሯል። ጁሪው ሳይስማማ ቢበተንም፣ ከወራት በኋላ ሕግን በእጁ ያስገባ ቡድን ተከሳሹን ከእስር ቤት አውጥቶ ሰቀለው። ለእኔ ከሁሉ የሚያከራክረው ይህ ክፍል ስለሆነ ሰፊ ጊዜ ይሰጠው።

ነባር አባል፦ እኔ ደግሞ ሰውየውን ጀግና ብቻ አድርገን እንዳናቀርበው እሰጋለሁ። በ1860 የኦሪገን ሴናተር ሆኖ ከተመረጠ በኋላ፣ የጄኔራልነት ሹመት ቢቀርብለትም ወንበሩን ላለማጣት በኮሎኔልነት ዘመተ። ጥቅምት 21 ቀን 1861 የፖቶማክን ወንዝ በጥቂት ጀልባዎች አሻግሮ፣ ገደልና ውኃ ከጀርባው ባለበት ሜዳ ወታደሮቹን አሰለፈ፤ እርሱ ተገደለ፣ ከ1,700 ያህሉ ከ500 በላይ ተማረኩ። በውጊያ የሞተ ብቸኛው በሥራ ላይ የነበረ ሴናተር መሆኑ ክብር ቢሆንም፣ የአዛዥነት ጉድለቱን አይሸፍንም።

ወጣት አባል፦ ጋሼ የተናገሩትን ይዤ አንድ ነገር ልጨምር። ሴኔቱ ለባልደረባው ሞት ተጠያቂ ሲፈልግ የቤከር የበላይ አዛዥ የነበረው ጄኔራል ቻርልስ ስቶን ክስ ሳይመሠረትበት 189 ቀን ታሰረ። ይኸው ስቶን ከ1870 ጀምሮ የግብፅ ጦር ኤታማዦር ሹም ሆኖ አገልግሏል፤ ያ ጦር ደግሞ በጉንደትና በጉራዕ በዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት የተሸነፈው ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ ጥሩ ግንኙነት አምጥተሻል፣ እህቴ፤ ነገር ግን ጉራዕ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር የተገኘው አሜሪካዊ ጄኔራል ሎሪንግ እንጂ ስቶን አልነበረምና፣ ይህን በረቂቁ በግልጽ እንጻፍ። እንግዲህ ጠዋት በአዳራሽ የኮራ ጉዳይ በሰፊው ይቅረብ፤ ከምሳ በኋላ በገደሉ አፋፍ ላይ የቤከር አሰላለፍ ይመርመር፤ ስቶንና ግብፅ በማጠቃለያው አጭር ገለጻ ይሁኑ። የሕግ ባለሙያው የመጀመሪያውን፣ ጋሼ ሁለተኛውን ክፍል ቢጽፉልን፣ ረቂቁን አዋሕጄ ለሥራ አመራር ኮሚቴው አቀርባለሁ።

ነባር አባል፦ እስማማለሁ፤ መንገዱ ቁልቁለት ስላለው ለአረጋውያን አባላት የሚሆን አማራጭ መቆሚያም በረቂቁ ይግባ።