ካምቢዮ ከማስወረዴ በፊት፦ የኮሮላዬ ዘይት ከየት ነው የሚፈሰው?

ባለ ነጯ ኮሮላ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ2005 ሞዴል ኮሮላ አለችኝ፤ 1.8 ሞተር፣ ከዱባይ ያገለገለች ሆና የገባች። ጠዋት ጠዋት ከሥሯ የቡና ሲኒ ማስቀመጫ የሚያህል ጥቁር ክብ አገኛለሁ። አከራዬ እትዬ አዲሱ የግቢ ንጣፍ ስለቆሸሸባቸው የፓስታ ካርቶን ዘርግተው «ከዚህ ውጭ እንዳታቆማት» ብለውኛል።

የመጀመሪያው መካኒክ «የኮፓው ጓርኒሲዮን (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ ማሸጊያ) ነው» ብሎ አወረደና በሲሊኮን ለጥፎ መለሰው። በአራተኛው ቀን ካርቶኑ እንደገና ጠቆረ። ሁለተኛው ጎንበስ ብሎ ብቻ አየና «የኋላው ፓራኦሊዮ (በካምቢዮው በኩል የሞተሩን ዘይት የሚይዘው ጎማ) ነው፤ ካምቢዮ ይወርዳል» አለኝ። የጠየቀኝን የእጅ ዋጋ እዚህ አልጽፈውም፤ ያናድደኛል። በሁለት ሳምንት ግማሽ ሊትር ያህል እጨምራለሁ። ካምቢዮው ሳይወርድ ላረጋግጠው የምችለው ነገር አለ?

የሌሊት ሾፌር፦
ወፈር ያለ ዘይት ሞክር። የእኔ ቀንሶልኛል።

አሮጌ መፍቻ፦
ወፍራም ዘይት ያዘገየዋል እንጂ ቀዳዳ አይደፍንም። ልጄ፣ አንድ ነገር ንገረኝ፦ ጠብታው ካርቶኑ ላይ የሚያርፈው በሾፌሩ በኩል ነው ወይስ በተሳፋሪው?

ባለ ነጯ ኮሮላ፦
በተሳፋሪው በኩል፣ ከፊት ጎማው ትንሽ ወደ ውስጥ።

አሮጌ መፍቻ፦
እንግዲያው ካምቢዮህን ተወው። የአንተ ካምቢዮ ያለው በሾፌሩ በኩል ነው። የኋላው ፓራኦሊዮ ቢሆን ኖሮ ዘይቱ ሞተሩና ካምቢዮው ከሚጋጠሙበት ነበር የሚወርደው። ኮፓማ ከላይ የመጣውን ሁሉ ስለሚቀበል ሁልጊዜ እሱ ይከሰሳል። ከፍ ብሎ የረጠበውን ፈልግ።

ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ያን ጎን በናፍጣና በብሩሽ እጠበው፤ በጨርቅ በደንብ አድርቀህ የሕፃናት ፓውደር ነስንስበት። ትንሽ ነድተህ ተመለስና በባትሪ እየው፤ ዘይቱ ፓውደሩ ላይ መንገዱን ያሰምርልሃል። መጀመሪያ የቫልቭ ክዳኑን ጠርዝ፣ ቀጥሎ የሞተሩን የውስጥ ሰንሰለት የሚወጥረውን ቴንሽነር ተመልከት። በዚህ ሞተር ላይ የቴንሽነሩ ኦሪንግ (ቀለበት የሚመስለው የጎማ ማሸጊያ) ደርቆ ማፍሰሱ የታወቀ ነው። የተያዘው በሁለት ባለ 10 ዳዶ ብቻ ነው። ነገር ግን ቴንሽነሩ ወጥቶ ሳለ ሞተሩ ፈጽሞ እንዳይዞር፤ ሰንሰለቱ ጥርስ ይዘላል። ሲመለስም መግፊያው ወደ ውስጥ ተጭኖ በመንጠቆው ተይዞ ነው የሚገባው። ይህን የማያውቅ ካጋጠመህ ቁልፍህን ተቀብለህ ሂድ።

እስከዚያው በየጠዋቱ ዘይቱን ለካ። ቀዩን የዘይት መብራት አትጠብቅ፤ እሱ የሚበራው ግፊቱ ከወረደ በኋላ ነው።

ባለ ነጯ ኮሮላ፦
ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። የቫልቭ ክዳኑ ጠርዝ ላይ ፓውደሩ እንደ ነጭ ዱቄት ደርቆ ቆየኝ፤ ከቴንሽነሩ ሥር ግን እንደ ጫማ ማሰሪያ የቀጠነ ቡናማ መስመር ወርዶ አገኘሁ። ኦሪንጉን ከሶማሌ ተራ ገዛሁ። የሰፈራችን መካኒክ አሮጌውን ሲያወጣው እንደ ፕላስቲክ ደርቆ ለሁለት ተሰበረ። መንጠቆውን ሳልነግረው ራሱ ያዘው፤ ቁልፌን አልተቀበልኩም።

ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ ነው፤ አንድም ጠብታ የለም። እትዬ ግን ካርቶኑን አላነሱትም፤ «እስቲ ወሩ ይሙላ» ብለዋል።